ግድግዳችሁ ሲያልበው ቀለም ለመግዛት አትሩጡ

ባለፈው ክረምት የሙሽርነት ጫማዬን ከቁም ሳጥን ሳወጣው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ቁም ሳጥኑን ሳብ ሳደርገው ግድግዳው በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል፣ ቤቱም እምክ እምክ ይላል። ቀለም ቀቢ ጠራሁ። ቀባ። በሁለት ወሩ ሻጋታው በአዲሱ ቀለም ላይ ብቅ አለ፣ ብሬም ቀለጠ። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ።

ጠዋት ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ካላበው፣ ሻጋታውም ማእዘን ላይና ከዕቃ ጀርባ ከሆነ፣ ጥፋተኞቹ እኛው ነን። ትንፋሽ፣ ሻወር፣ ወጥ፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ። የእንጀራ ቀንማ ተዉት፤ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር ቡልቅ የሚለው እንፋሎት መውጫ ካላገኘ ቀዝቃዛ ግድግዳ ፈልጎ ተመልሶ ውሃ ይሆናል።

መፍትሄው ነፃ ነው። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን፣ ወይም መስኮትና የበረንዳ በር፣ ጠዋትና ማታ ለ10 ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት። ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። «ውጭ ዝናብ እየወረደ መስኮት ልክፈት?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ክፈቱ። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ውሃ መያዝ አይችልም፤ ውጭ 12 ዲግሪ ላይ እርጥበቱ 90 በመቶ የሆነ አየር ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 55 በመቶ ይወርዳል። ዝናቡ ወደ ውስጥ እንዳይረጭ ብቻ ተጠንቀቁ።

ሻወር ቤቱ መስኮት ከሌለው አየር ማስወጫ ፋን ያስፈልገዋል። ያላችሁ ደግሞ ፈትሹት፦ ፋኑ እየሰራ አንድ ቅጠል ሶፍት አስጠጉለት። ይዞ ካስቀረው ደህና ነው። ከወደቀ ወይ አቧራ ደፍኖታል፣ ወይ ቱቦው ተዘግቷል፣ ወይ በሩ ከስር ክፍተት ስለሌለው የሚስበው አየር አጥቷል። ኮርኒስ ውስጥ ነው የሚተፋው እንዴ? እንግዲያው ሻጋታውን ወደ ላይ ነው ያዛወራችሁት። ከሻወር በኋላም 20 ደቂቃ ያህል ይስራ።

ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ እድፍ እየሰፋ ከሄደ ግን መስኮት ብትከፍቱም ዋጋ የለውም። ከላይ ያለው ጎረቤት ቧንቧ ወይም ጣሪያው ነው የሚያፈሰው፣ ስለዚህ ቧንቧ ወይም ጣሪያ ሰራተኛ ይምጣ። ከወለሉ ጀምሮ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር እያወጣ ወደ ላይ የሚረጥብ ከሆነም ውሃውን ከመሬት እየሳበ ሊሆን ይችላል። ካልለየላችሁ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለሁለት ቀን ተዉት። በክፍሉ በኩል ያለው ፊት ካላበው ችግሩ የቤቱ አየር ነው፤ ከስሩ ከረጠበ ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል።

ነጠብጣቡን ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በሳሙና ውሃ እሹት። በረኪና ከተጠቀማችሁ ከአቼቶም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ቤቱ ይድረቅ ብላችሁም በር ዘግታችሁ ከሰል እንዳታነዱ፤ ጭስ ባይታይም ይገድላል።

ቀለም ቀቢው ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ይምጣ። እኔ ሁለተኛ የጠራሁት በኅዳር ነው፤ ጫማውን ግን በረንዳ ላይ ፀሐይ እያሞቅሁትም ሽታው አልለቀቀውም።