ክርክር የማያስነሳ የኩባንያዎችና የብራንዶች ጥያቄና መልስ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል?

በመሥሪያ ቤት በዓል፣ በዩኒቨርሲቲ ክበብ ወይም በሰፈር ካፌ የሚካሄድ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ጥያቄዎቹ ስለከበዱ አይደለም። አንዱ ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልስ ይኖረውና ምሽቱ በክርክር ያልቃል። ኩባንያዎች ደግሞ ለዚህ ይመቻሉ፤ ይሸጣሉ፣ ለሁለት ይከፈላሉ፣ ስም ይቀይራሉ፣ የልደት ቀናቸውን ለማስታወቂያ እንዲያምር ወደ ኋላ ይጎትታሉ። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ጥያቄ አጻጻፍ ላይ ነው። መድረክ መምራቱ ቀላል ነው።

መጠኑን መወሰን

ለአንድ ምሽት 40 ጥያቄ በ4 ዙር ይበቃል። እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አንብቦ 30 ሰከንድ መስጠት አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ እርማቱ ሲጨመር አንድ ዙር ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይወስዳል። በአንድ ቡድን 4 ወይም 5 ሰው ይሁን። ከዚያ ከበዛ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያሉት ወሬ ይጀምራሉ። 40 ጥያቄ ለማግኘት 55 ያህል መጻፍ ያስፈልጋል፤ ቀሪዎቹ በማጣራት ይወድቃሉ። በየዙሩ 3 ቀላል፣ 5 መካከለኛ፣ 2 ከባድ ቢደረግ ደካማው ቡድንም ባዶ ወረቀት አያስረክብም።

ከመልሱ ተነስቶ መጻፍ

መጀመሪያ እርግጠኛ የሆነ ሐቅ ይያዛል፤ ጥያቄው ከዚያ ይቀረጻል። «እገሌ ኩባንያ መቼ ተመሠረተ?» የሚለው ደረቅ ጥያቄ ያወቀ ያውቀዋል፣ ያላወቀ የሚነጋገርበት ነገር የለውም። ጥሩ ጥያቄ የማያውቀው ቡድን እንኳ አስቦ ሊደርስበት የሚችል ነው። ለምሳሌ፦

ኖኪያ በ1865 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ምን ያመርት ነበር? (የወረቀት ጥሬ ዕቃ፣ ከእንጨት። «ወረቀት» ያለም ነጥብ ያገኛል።) ኒንቴንዶ በ1889 እ.ኤ.አ. ኪዮቶ ላይ ሲከፈት የሚሸጠው ምን ነበር? (የመጫወቻ ካርታ።) ላምቦርጊኒ ውድ መኪና ከመሥራቱ በፊት በምን ይታወቅ ነበር? (በትራክተር።) የአውዲ አራት ቀለበቶች ምንን ይወክላሉ? (በ1932 እ.ኤ.አ. የተዋሃዱትን አራት የመኪና አምራቾች።) በአዲስ አበባ መንገድ ለብዙ ዓመታት ያገለገለችው ላዳ ታክሲ የተቀዳችው ከየትኛዋ የጣሊያን መኪና ነው? (ከፊያት 124።)

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሌሎቹ የበለጠ ሞቅ ያለ ሙግት ታስነሳለች፤ ዕቃው በዓይን የሚታወቅ፣ ታሪኩ ግን ያልታሰበ ነውና። በዚሁ መንገድ ስማቸው የዕቃ መጠሪያ በሆነ ብራንዶች አንድ ሙሉ ዙር መሥራት ይቻላል። ባጃጅ የሕንድ ኩባንያ፣ ሲኖትራክ የቻይና፣ ኦሞ የዩኒሊቨር ነው። የጥርስ ሳሙና ሁሉ «ኮልጌት» የሚባልበት ኩባንያ በ1806 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ የተከፈተው ሳሙናና ሻማ ለመሸጥ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙስን ሁሉ «ሃይላንድ» ያሰኘው የታሸገ ውኃም እዚህ ይገባል።

ወጥመዶቹ

በጣም ተደጋጋሚው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም አንድ ዓመት ውስጥ ናቸው፤ በአውሮፓውያኑ ግን አንዱ 1945፣ ሌላው 1946 ላይ ይውላል። «7 ወይም 8 ዓመት ቀንስ» የሚባለው ስሌት ወሩ ካልታወቀ አይሠራም፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። በየጥያቄው ውስጥ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍና አንባቢውም ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማድረግ ግዴታ ነው። ዓመት የሚጠየቅ ከሆነም ስንት ዓመት ወዲያና ወዲህ እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ይነገር።

ሁለተኛው «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ነው። «የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የግል ባንክ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አዳራሹ በአንድ ድምፅ አዋሽ ይላል። ነገር ግን ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ሲወርስ አዲስ አበባ ባንክ የሚባል የግል ባንክ ነበር። ጥያቄው «ከደርግ መውደቅ በኋላ» የሚል ሐረግ ሲጨመርበት ይድናል። አቢሲንያ ባንክም እንዲሁ ነው። በምኒልክ ዘመን የተከፈተው ባንክ በ1931 እ.ኤ.አ. ፈርሶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተክቷል፤ ዛሬ በዚህ ስም የምናውቀው በ1996 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሌላ ድርጅት ነው። ኢትዮ ቴሌኮምን በተመለከተ አገልግሎቱ በ1894 እ.ኤ.አ. ቢጀመርም በዚህ ስም የተቋቋመው ድርጅት ከኅዳር 2003 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ነው። ሳምሰንግም ቢሆን በ1938 እ.ኤ.አ. የደረቀ ዓሣና ፓስታ ነጋዴ ሆኖ ተጀመረ፤ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያው የመጣው በ1969 ነው። በእነዚህ ሁሉ «የቱ?» የሚለው ቃል ጥያቄው ውስጥ ካልተመለሰ መልስ መስጫው ላይ ይነሳል።

ሦስተኛው ባለቤትነት ነው። «ቮልቮ የማን ነው?» መልስ የለውም። የቤት መኪናው ክፍል በ1999 እ.ኤ.አ. ለፎርድ፣ ከዚያ በ2010 ለቻይናው ጂሊ ተሸጧል፤ የጭነት መኪናውን የሚሠራው የስዊድኑ ኩባንያ ግን ሌላ ነው። ሮልስ ሮይስ መኪናው የቢኤምደብሊው ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ላይ ያለውን ሞተር የሚሠራው ሮልስ ሮይስ ከዚያ የተለየ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ደግሞ «ሜታን የገዛው ማን ነው?» አይጠየቅም። ግማሹ ቢራውን፣ ግማሹ የፌስቡክን እናት ኩባንያ ያስባል። ቢራው ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ዲያጆ፣ በ2022 ወደ ካስቴል ስለተሻገረ ዓመት ሳይጠቀስ አይሆንም። ዳሽን ባንክም ቢራም ነው፤ አንበሳ አውቶቡስ፣ ጫማና ባንክ ነው።

የመጨረሻው ያማረ ተረት ነው። አዲዳስ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ምህጻር አይደለም፤ ከመሥራቹ ከአዲ ዳስለር ስም የወጣ ነው። የቢኤምደብሊው ምልክት የሚሽከረከር የአውሮፕላን ፕሮፔለር አይደለም፤ ሰማያዊና ነጩ የባቫሪያ ቀለሞች ናቸው። ተረቱ የተስፋፋው ኩባንያው ራሱ በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ማስታወቂያ ነው። የአፕል ፍሬ የተገመጠው ቼሪ እንዳይመስል መሆኑን ንድፉን የሠራው ሮብ ጃኖፍ ተናግሯል፤ ከዚያ ውጪ የሚወራው ሁሉ ኋላ የተለጠፈ ነው። አንድ ጥያቄ በጣም ከጣመ ሁለት ጊዜ ማጣራት ይሻላል፣ የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ያለ እንኳ ቢሆን።

ማጣራትና መሞከር

ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ሁለት የማይገናኙ ምንጮችና የተጣራበት ቀን ይጻፍ። አንዱ ከሌላው የገለበጠ ከሆነ ሁለት አይባልም። ከዚያ ውድድሩ ላይ ለማይሳተፉ ሁለት ሰዎች በቃል ማንበብ ነው፤ በወረቀት ማሳየት ዋጋ የለውም፣ በዕለቱ ሰዎች የሚሰሙት እንጂ የሚያዩት አይደለምና። ሁለቱም ካልመለሱ ከባድ ጥያቄዎቹ ውስጥ ይግባ ወይም ይጣል። አንዳቸው «የትኛውን ነው የምትለው?» ካሉ እንደገና ይጻፍ።

የምልክት ዙር ከተጨመረ 10 ምልክቶች በአንድ ገጽ በቀለም ታትመው ለየቡድኑ ይሰጡ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ከተባዛ ግማሹ የማይለይ ይሆናል። ምልክቱን ከኩባንያው ድረ ገጽ መውሰድ ይመረጣል፤ ከፍለጋ ውጤት የሚገኘው ብዙ ጊዜ አሮጌው ወይም አንድ አድናቂ የሳለው ነው። ስሙ ያለበት ክፍል በደንብ ይቆረጥ፤ በነጭ ቀለም የተሸፈነ ጽሑፍ ወደ ብርሃን ሲያዙት ይታያል።

በዕለቱ

አንባቢውና ዳኛው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ስልኮች ጠረጴዛው መሐል ተገልብጠው ይቀመጡ። ዙሩ ሲያልቅ ቡድኖች ወረቀት ይለዋወጡና መልሱ ሲነበብ እርስ በርስ ይተራረሙ፤ ዳኛው የሚያየው አጠራጣሪዎቹን ብቻ ነው። የውጭ ስም አጻጻፍ በድምፁ ይታረም። የአባት ስም ብቻ ይበቃል የሚል ደንብ ካለ ግን የፑማ መሥራች ሲጠየቅ «ዳስለር» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፦ የአዲዳሱ አዶልፍና የፑማው ሩዶልፍ ወንድማማቾች ናቸው።

እኩል ነጥብ ሲመጣ ማንም በትክክል የማያውቀውን ቁጥር መጠየቅና የቀረበውን ማሳለፍ ነው። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ስድስት ባለ ስምንት ጉብታ የሌጎ ጡቦች በስንት ዓይነት መንገድ ይጋጠማሉ? መልሱ 915,103,765 ነው። ኩባንያው ቀድሞ ይጠቅሰው የነበረው 102,981,500 ጡቦቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረደሩ ብቻ ያለውን ስለሚቆጥር አሮጌ ምንጭ የያዘ ተወዳዳሪ ሊከራከር ይችላል፤ ጥያቄው «በማንኛውም አገጣጠም» ይበል።

አቤቱታ የሚቀርበው በጽሑፍ፣ የሚቀጥለው ዙር ከመጀመሩ በፊት ነው። ጥያቄው ጉድለት እንዳለበት ከተረጋገጠ ለአቤት ባዩ ብቻ ነጥብ አይጨመርም፤ ጥያቄው ለሁሉም ይሰረዝና ለዚሁ ተብለው ከተቀመጡት 3 መጠባበቂያ ጥያቄዎች አንዱ ይነበባል።