ሐውልት ለማሠራት ከመላካችሁ በፊት፦ አዳማ ዙሪያ ባለ የገጠር አጥቢያ የወላጅ መቃብር ላላችሁ

ውጭ አገር የምትኖሩ፣ የእናት የአባታችሁ መቃብር አዳማ ዙሪያ ካሉት የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ከሆነና ሐውልት ልታሠሩለት ካሰባችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ቦታውን አስለዩ፤ በወረቀትም አስጽፉት። የቆየ የገጠር መቃብር ምልክቱ የድንጋይ ክምርና የእንጨት መስቀል ነው። መስቀሉን ምስጥ ይጨርሰዋል፣ ድንጋዩ ለሌላ ሥራ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የሽማግሌ ትዝታ ብቻ ነው። እነሱም ሲያልፉ በሰው መቃብር ላይ ሐውልት ማቆም ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ሁለት ቤተሰብ አጣልቶ በሽምግልናም ቶሎ አይበርድም።

የምትልኩት ሰው በአዘቦት ቀን ቢሄድ ከጥበቃው ሌላ ላያገኝ ይችላል። ደብሩ የሚካኤል ከሆነ በ12፣ የማርያም ከሆነ በ21፣ የጊዮርጊስ ከሆነ በ23 ይሂድ፤ ከቅዳሴ በኋላ አስተዳዳሪውንም የሰበካ ጉባኤውን ጸሐፊም የእድሩን ዳኛም በአንድ ቀን ያገኛቸዋል። ቢያንስ ሦስት ሽማግሌዎች ለየብቻ ቦታውን ያሳዩት፤ አንድ ላይ ከተጠየቁ አንዱ ያለውን ሌሎቹ ይደግሙታል።

ቦታው ከታወቀ በሜትር ይለካ። ስልክ የሚሰጠው የካርታ ነጥብ በጥቂት ሜትሮች ስለሚሳሳት መቃብር ከመቃብር በተጠጋበት ግቢ አያስተማምንም። ከማይነሡ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘንና ከደጀ ሰላሙ ምሰሶ፣ እስከ መቃብሩ ራስጌ ያለው ርቀት ተለክቶ ይጻፍ። ሟች ፊቱ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ስለሚቀበር ራስጌው በምዕራብ በኩል ነው። ዛፍን መነሻ አታድርጉ፤ ይቆረጣል።

ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ የተደራጀው በ1965 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት ላረፈ ሰው የአጥቢያ መዝገብ ብዙ ተስፋ አትጣሉበት። ይልቁን ደብሩ ራሱ የያዘውን ታሪክ አስፈልጉ። በግድግዳው ሥዕል ግርጌ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ የተሣለ ሰው ካለ፣ አጠገቡ ያሣለው ሰው ስም ይጻፋል። ስጦታ የሰጠ ሰው ስም በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይም ይገኛል። አያታችሁ ከነዚህ አንዱ ከሆኑ፣ ቤተሰቡ በየትኛው ወገን እንደሚቀበር ካህናቱ የሚያስታውሱበት ምክንያት ያ ነው። አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አስነሡት። ሕንፃው ሲታደስ አሮጌው ግድግዳ ከነጽሑፉ ይፈርሳል፤ ያ ከጠፋ የሚተካው የለም።

ከሰበካ ጉባኤው የምትጠይቁት ደብዳቤ የሟችን ሙሉ ስምና የክርስትና ስም፣ የተቀበሩበትን ቀን፣ የተለካውን ርቀትና የሦስቱን ምስክሮች ፊርማ ይያዝ፤ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይኑረው። አንድ ቅጂ ለወረዳው ቤተ ክህነት ይግባ። ውክልና ካስፈለገ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይሰጥና አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ለመቃብር ጉዳይ ብላችሁ ጠቅላላ ውክልና አትስጡ፤ ሥራውን በስሙ ጠቅሳችሁ ለዚያ ብቻ ስጡ።

አሁን ወደ ግንባታው። የአካባቢው አፈር የእሳተ ገሞራ አመድና አሸዋ የበዛበት ልል አፈር ነው፤ ተቆፍሮ የተመለሰው ደግሞ ውሃ ሲገባው ይሰምጣል። ለአርባው ወይም ለሰማንያው ተብሎ የተጣደፈ ሐውልት በክረምቱ የሚያዘነብለው ለዚህ ነው። አዲስ መቃብር አንድ ሙሉ ክረምት ይለፈው፤ እስከዚያ የብረት መስቀልና ስም ይበቃዋል። መሠረቱም ከጉድጓዱ ዳር ወጣ ብሎ ባልተቆፈረው አፈር ላይ ይረፍ። 2.40 ሜትር በ1.20 ሜትር የሆነ፣ 10 ሳንቲም ውፍረት ያለው የኮንክሪት ክዳን በአንድ ስሚንቶ፣ ሁለት አሸዋና አራት ጠጠር ሲመታ 100 ኪሎ ግድም ስሚንቶ፣ ማለትም ሁለት ከረጢት ይፈልጋል። ባለ 8 ሚሊ ብረት በየ20 ሳንቲሙ ሲዘረጋ ደግሞ ሦስት ቤርጋ (ባለ 12 ሜትር ዘንግ) ይበቃል። መሠረቱ ለብቻው ይታሰባል። በአዳማ ሙቀትና ነፋስ ኮንክሪት ሳይጠነክር ስለሚደርቅ፣ ጆንያ ለብሶ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ይህን የሚሠራ ሰው በስም ካልተመደበ ማንም አይሠራውም፤ በዓመቱም ስንጥቁ ይታያል።

ጽሑፉን ከመቀረጹ በፊት በፎቶ አስልካችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። በውጭ ወረቀት ላይ ያለው ቀን ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ጃንዋሪ 11፣ 1983 የእኛ ጥር 3 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይቀነሳል። ስሙ በቀለም ብቻ ከተጻፈ ፀሐይ ያጠፋዋል፤ እብነ በረዱ ላይ ይቀረጽ።

ለደብሩ የሚሰጠው ገንዘብ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ወደተከፈተው ሒሳብ ይግባ፣ ደረሰኝም ይቆረጥለት። የግንበኛውን በሦስት ክፈሉ፦ ዕቃው ግቢ ሲደርስ፣ ክዳኑ ሲሞላ፣ ጽሑፉ ሲተከል። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚመነዘር ከወራት በፊት በተሰጠ ዋጋ አትተማመኑ።

ሙት ዓመቱን ወይም የሰባት ዓመቱን ተዝካር ከምረቃው ጋር ካያያዛችሁ፣ ቀኑን ከአስተዳዳሪው ጋር ቁረጡ፤ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። በመጨረሻም አገር ቤት ያለ የአንድ ዘመድ ስልክ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፣ በየዓመቱም ይታደስ። አዲስ ሕንፃ ሲታሰብ ወይም አጽም ይነሣ ሲባል ማስታወቂያው የሚነገረው በዐውደ ምሕረት ነው፤ እዚያ የሚሰማላችሁ ሰው ይኑር።