ለድሮ መጋዝ ማሽን ዲስክና ምላጭ ስትፈልጉ አትሳሳቱ

ባህር ዳር ውስጥ ብዙ እንጨት ቤት ብትገቡ ማሽኑ ከሚሠራበት ልጅ በዕድሜ ይበልጣል። ጣልያን ሰራሽ አለ፣ የሩሲያ አለ፣ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ የወጣ የአሜሪካ አለ፣ ስሙ ተፍቆ አገሩ የማይታወቅም ሞልቷል። እኔ እነዚህን ማሽኖች እወዳቸዋለሁ፣ ብረታቸው ወፍራም ነው፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እና ቺንጋ (ቀበቶ) እየተቀየረላቸው ገና ብዙ ይሠራሉ። ችግሩ ዲስክ ሲያልቅባቸው ነው፣ ያኔ የማየው ጥፋት አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

የመጀመሪያው በማሽኑ ስም ዲስክ መጠየቅ ነው። "የጣልያን ማሽን ነው፣ ትልቁን ዲስክ ስጠኝ" ይባላል፣ ባለሱቁም ያለውን ያወጣል። መርካቶ ያለ ሰው ጋ ተደውሎም እንደዚሁ ይታዘዛል፣ ዕቃው ያን ሁሉ መንገድ በአውቶብስ መጥቶ ሳይገባ ሲቀር መልሰህ ላክ፣ ደግሞ ጠብቅ፣ ሥራው ቆሞ። ለባለሱቁ የሚነገረው ቁጥር ነው፦ የዲስኩ ስፋት ከዳር እስከ ዳር፣ የመሀል ቀዳዳው፣ ውፍረቱ፣ የማሽኑ ዙር በደቂቃ። በቴሌግራም ፎቶ ከላካችሁ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ አንሱት፣ ባዶ ፎቶ ምንም አይናገርም።

አሁን ወደ ቀዳዳው ልግባ፣ እዚህ ላይ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

የአውሮፓ የጠረጴዛ መጋዞች አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊ ቀዳዳ ነው የሚወስዱት። የሩሲያዎቹ 32 ናቸው፣ ትልልቆቹ ደግሞ 50። ከተማችን ከሶቭየት ዕቃ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፣ ፖሊ ቴክኒኩ ራሱ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ትብብር ነው የተከፈተው፣ ስለዚህ ዲስኩ የሚታሰርበት ሻፍት 32 ሚሊ ሆኖ ብታገኙት እንዳይገርማችሁ። የአሜሪካ ባለ 10 ኢንች መጋዝ 15.9 ሚሊ ገደማ ነው፣ ከዛ ከፍ ያሉት 25.4፣ ማለትም አንድ ኢንች። እና ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ባለ 30 ዲስክ 32 ሻፍት ላይ አልገባ ሲል ልጁ ምን ያደርጋል? ክብ ሞረድ አንስቶ ቀዳዳውን መሞረድ ይጀምራል። ኧረ በእናታችሁ! በእጅ የተሞረደ ቀዳዳ መሀሉን አይጠብቅም፣ ግማሽ ሚሊ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ዲስኩ ሲዞር በአንድ በኩል ያሉት ጥርሶች ብቻ ናቸው እንጨቱን የሚበሉት፣ ሌሎቹ አየር ይመታሉ፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ የተቆረጠው ጣውላ ሞገድ ሞገድ ይሆናል፣ ኩሽኔታው ይጮሃል። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ የተሞረደ ዲስክ ሲሠራበት ቆይቶ ኩሽኔታ ቶሎ ቶሎ ሲሄድባቸው ኩሽኔታ ሻጩን ነበር የሚሳደቡት። ዲስኩን ማንም አልጠረጠረም። በመጨረሻ አንድ የካርባይድ ጥርስ ተነቅሎ በር ላይ ተሰካ፣ በሩ ላይ ሰው ስላልነበረ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ቀዳዳው ሲሰፋ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ሻፍቱ ላይ መጠምጠም። ቆርቆሮ ይጨመቃል፣ ይበላል፣ ዲስኩ ሥራ መሀል ይላላል። ለዚህ የተሠራ ማጥበቢያ ቀለበት አለ፣ ርካሽ ነው፣ ከዲስኩ አካል ግን ትንሽ ሳሳ ማለት አለበት፣ ካልሆነ ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቱን ይዞ ዲስኩን ይተወዋል። ቀዳዳው የሚጠብ ከሆነ ደግሞ ቶርኖ ቤት ውሰዱት፣ መሀሉን በዳያል ጌጅ አስተካክሎ በልክ የሚያሰፋ ባለሙያ ፈልጉ፣ በድሪል የሚቦረቡረውን ሳይሆን። ከሁሉም የሚያታልለው 25.4 ዲስክ 25 ሻፍት ላይ ሲገባ ነው፣ ሸርተት ብሎ ይገባና "ልክ ነው" ይባላል፣ ያቺ 0.4 ሚሊ ክፍተት ግን ዲስኩን ወደ አንድ ጎን ታስቀምጠዋለች።

አንዳንድ የጣልያን ማሽኖች ከመሀል ቀዳዳው አጠገብ ዲስኩን የሚይዙ ትንንሽ ፒኖችም አሏቸው። ዲስክ ላይ 2/7/42 የሚል ካያችሁ ሁለት ባለ 7 ሚሊ ቀዳዳ በ42 ሚሊ ክብ ላይ ማለት ነው። ፒኑን ቆርጦ መጣል መፍትሄ አይደለም።

አሮጌውን ዲስክ ለክቶ መግዛትም ስህተት ነው፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ያገኘውን አስሮ ሊሆን ይችላል። ሻፍቱን ዝገቱን አጽድታችሁ በካሊፐር ለኩት። ትልቁን ስፋት ለማወቅ ደግሞ ሻፍቱን እስከ መጨረሻው ከፍም ዝቅም አድርጋችሁ ከመሀሉ እስከ መጀመሪያው የሚነካው ብረት ድረስ ለኩ፣ የዲስኩ ስፋት ከዚያ እጥፍ ማነስ አለበት።

ዙር። እያንዳንዱ ዲስክ ላይ የሚችለው ከፍተኛ ዙር ተጽፏል፣ የሚያነበው ግን ትንሽ ሰው ነው። የአሜሪካ ማሽን ፕሌቱ ላይ 3,450 ቢልም ያ በአሜሪካ መብራት፣ በ60 ኸርዝ ነው፣ በእኛ 50 ኸርዝ 2,875 አካባቢ ይሆናል። አንዱ ታዲያ "ዘገየብኝ" ብሎ ሞተሩ ላይ 150 ሚሊ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ)፣ ሻፍቱ ላይ 75 አሰረ። ሞተሩ 2,850 ከሆነ ዲስኩ 5,700 ዞረ ማለት ነው፣ በ400 ሚሊ ዲስክ ጥርሱ በሰከንድ 119 ሜትር ይሄዳል፣ በፊት 60 ነበር። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚያ በጣም ያንስ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የሞተሩን ዙር በሞተሩ ፑሌጃ አባዙ፣ በሻፍቱ ፑሌጃ አካፍሉ። መጀመሪያ ይሄን ሠርታችሁ ነው ሱቅ የሚኬደው።

የእንጨት ዲስክ ግራይንደር ላይ ማሰር? ትንሹ ግራይንደር ወደ 11,000 ይዞራል። በፍጹም፣ በፍጹም አታድርጉት።

ስለ ጥርስ ብዛት ብዙ አልልም። ለመሰንጠቅ 24 አካባቢ፣ ለኤምዲኤፍና ለኮምፔርሳቶ 60 እና ከዛ በላይ። ባህር ዛፍ ግን ለብቻው ነው፣ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ውጥረት ይለቀቅና እንጨቱ ተመልሶ ዲስኩን ይጨብጣል፣ በተለይ እርጥብ ከሆነ። ለዋንዛ የሚበቃ ስስ ዲስክ ለባህር ዛፍ አይሆንም። ከዲስኩ ጀርባ የቆመችው ቢላ የምትጠቅመው እዚህ ጋ ነው፣ ውፍረቷ ከዲስኩ አካል በልጦ ከጥርሱ ስፋት ማነስ አለበት። አዲስ ዲስክ ስትገዙ ከእሷ ጋር አመሳክሩ፣ አልሄድ ስትል ነቅላችሁ አትጣሏት።

ባንድ ሶው፣ ማለትም ቀለበት ምላጭ በሁለት ጎማ ላይ የሚዞርበት መጋዝ፣ ያላችሁ ደግሞ የምላጩ ርዝመት ከጠፋባችሁ አትገምቱ። መወጠሪያውን መሀል ላይ አድርጉ፣ ከላይኛው ጎማ መሀል እስከ ታችኛው መሀል ለክታችሁ በሁለት አባዙ፣ የአንዱን ጎማ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ለክታችሁ በ3.14 አባዝታችሁ ደምሩበት። ጎማው 600፣ የመሀሉ ርቀት 1,100 ከሆነ 4,085 ሚሊ አካባቢ ይመጣል። የምላጩ ውፍረት ከዚሁ የጎማ ስፋት አንድ ሺህኛ አይብለጥ፣ ለ600 ጎማ 0.6 ሚሊ ማለት ነው። ወፍራም ይቆያል ብላችሁ ከገዛችሁ ሲተጣጠፍ ውሎ ይሰነጠቃል። ሲበጠስም በር ለሚበይደው ልጅ አትስጡት፣ ተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ ቦታውን ያጠነክረውና ከጎኑ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ጫፍ ለጫፍ የሚበይድ ማሽን ያለው፣ ከበየደ በኋላም ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቆ ቀስ ብሎ የሚያቀዘቅዝ ሰው ነው የሚፈለገው።

ያገለገለ ዲስክ ከምናለሽ ተራ የምታስመጡ ካላችሁ፣ ጥሩ ዕቃ ይገኛል፣ አልቃወምም። ጥርሱ መሳሉን ብቻ አይታችሁ ግን አትክፈሉ። ከጥርሶቹ ሥር ያለውን ጎድጓዳ አጽዱና ላምባ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ በደንብ ጥረጉት፣ ከዚያ ጠመኔ እሹበት፣ ስንጥቅ ካለ ላምባው ወጥቶ መስመር ያሳያችኋል። መስመር ካያችሁ መልሱት፣ ብየዳ አያድነውም።

ዳዶው አልፈታ ሲል በመዶሻ የሚቀጠቅጡም አሉ። ብዙ ማሽን ላይ የዳዶው ጥርስ የግራ ነው፣ ዲስኩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩት፣ ይፈታል። ሲታሰር ደግሞ ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚይዙት ሁለቱ ወፋፍራም ሮንዴላዎች እኩል ስፋት ይኑራቸው። አንዱ ከጠፋ የቡሎን ሮንዴላ አትተኩበት፣ ቶርኖ ቤት ሁለቱንም አንድ ላይ አሠሩ፣ ለ300 ዲስክ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ይበቃል፣ ፊታቸው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ እንዲነካ መሀሉ ትንሽ ይጎድጉድ።