ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ልቡን እንዴት ይጠብቅ?

ቢሮ ኮምፒውተር ላይ የሚውልም፣ ባጃጅ የሚነዳም፣ ሱቅ የሚጠብቅም ችግሩ አንድ ነው፤ እግሩ ሥራ ይፈታል። የባት ጡንቻ ደምን ገፍቶ ወደ ልብ ይመልሳል። እሱ ሲቦዝን ዝውውሩ ይቀዘቅዛል፤ ጡንቻም ከደም ውስጥ ስኳርና ስብ መሳቡን ይቀንሳል። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ብሪታኒያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጥናት፣ ለንደን ውስጥ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ከሾፌሮቹ ይልቅ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

መጀመሪያ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ። ስልክ ላይ ማንቂያ መሙላት ይበቃል፤ ውድ የእጅ ሰዓት አያስፈልግም።

ቀጥሎ የእግር ጉዞ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሐረር ላለን ሰዎች መለኪያው ደጃችን ነው፤ የጀጎል ግንብ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ፈጠን ብሎ የሚሄድ ሰው በ40 ደቂቃ ውስጥ ይዞረዋል፤ በሳምንት አራቴ ከዞራችሁ 150 ደቂቃው ሞላ ማለት ነው።

ፈጠን ማለት ግን ምን ያህል ነው? እየሄዳችሁ ማውራት መቻል አለባችሁ፤ መዝፈን ግን ሊያቅታችሁ ይገባል። መዝፈን ከቻላችሁ ፍጥነት ጨምሩ፤ ሁለት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀንሱ። ያገኙትን ሁሉ ቆሞ ሰላም እያሉ መሄድ ለነፍስ ደስ ይላል፤ ለልብ ግን ከዚህ ሒሳብ አይገባም። ጊዜ ያጠረው ከኤረር በር ወደ ፈረስ መጋላ ሽቅቡን ይውጣ። ዳገት ለልብ ጥሩ ሥራ ነው። የልብስ ስፌት መኪና ፔዳልም ባትን ያንቀሳቅሳል፤ ይሁን እንጂ የመኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊዎች፣ እናንተም ጉዞው አይቅርባችሁ።

በርጫም መቀመጥ ነው። ከሥራ ወንበር ተነሥቶ ምሽቱን ሙሉ ፍራሽ ላይ መደገፍ የቀኑን መቀመጥ እጥፍ ያደርገዋል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር፣ ያ የልብ ድለቃ እንደ ስፖርት አይቆጠርም። ጉዞውን ጠዋት ጨርሱት።

ኩንታል የምትሸከሙ ወንድሞቼ፣ «እኔ ስፖርቴን ሠራሁ» አትበሉ። ከባድ ሸክም ለረጅም ሰዓት ያለ ዕረፍት ሲሆን ግፊትን ከፍ አድርጎ ያቆያል፤ እንደ ፈጣን ጉዞ ልብን አሠርቶ አያሳርፍም። በሸክም መሐል ዕረፍት ውሰዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ግፊታችሁንም ተለኩ። ስትለኩ አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ፣ ጀርባችሁን ተደገፉ፣ ክንዳችሁን በልብ ትክክል አሳርፉ፤ ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። በክንድ ላይ የሚታሰረውን መሣሪያ እመርጣለሁ፤ የእጅ አንጓው በቀላሉ ይሳሳታል። በተለያየ ቀን ደጋግሞ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደረትን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ግን ቀጥታ ሆስፒታል ነው።