የጠረጴዛውን እግር ከመቁረጣችሁ በፊት ልጁን ለኩት

ልጃችን የቤት ሥራዋን አልጋ ላይ ተደፍታ ነበር የምትሠራው። አዲስ የጽሕፈት ጠረጴዛ ዋጋ ጠይቄ ዝም ብዬ ወጣሁ። ጎንደር ውስጥ ግን ያገለገለ ጠረጴዛ አይጠፋም፤ ቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ ማየት ነው፣ ወይም ዝውውር የደረሰው ሠራተኛ ዕቃውን ሲሸጥ መድረስ።

ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት። ሻጩ ቢኮሳተርም ገልብጡት። ከሥሩ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ካሉና ስታንኳኩት ዱቄት ከረገፈ፣ ነቀዝ ገብቶበታልና ተዉት። እግሩ ቢነቃነቅ ግን አትሽሹ፤ በኮላና በብሎን ይጠብቃል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ያመቻል። ዋንዛ ካጋጠማችሁ አትለፉት፣ ለመጋዝም ለመላጊያም ይታዘዛል። ችፑድ ከሆነ እርሱት። ወለሉ በተወለወለ ቁጥር የተቆረጠው ጫፍ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል።

አሁን ልኩ። የአዋቂ ጠረጴዛ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቁመቱ 120 ለሆነ ልጅ ግን ከ53 እስከ 59 ይበቃዋል። ቁጥሩ ለግምት ነው። ልጁን በሚጠቀምበት ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ ክንዱን ይጠፍ፣ ከዚያ ከመሬት እስከ ክርኑ ለክታችሁ ሁለት ጣት ጨምሩበት፤ ያድጋል አይደል? ወንበሩ ከፍ ካለ ከእግሩ ሥር ሣጥን አድርጉለት። መሳቢያው ጭኑን ከነካ አውልቁት፣ አያስፈልገውም።

መቁረጡ ላይ ነው ጉዱ። እኔ መጀመሪያ በዓይኔ ቆረጥኩ። ተንገዳገደ። ረጅሙን እግር ቀነስኩ፣ አሁንም ተንገዳገደ፣ ሌላኛውን ቀነስኩ፣ እንዲህ እያልኩ ረከቦት ሊሆን ምንም አልቀረው! አንድ ጎረቤታችን፣ አናጢ ናቸው፣ ስቀው ሲያበቁ ዘዴውን አሳዩኝ።

ጠረጴዛውን ደልዳላ ወለል ላይ አቁሙ። ከተወላገደ የታጠፈ ካርቶን ከሥሩ እያስገባችሁ አረጋጉት። የምትቀንሱት 18 ሳንቲ ከሆነ፣ ያንን ያህል ቁመት ያለው ቁራጭ እንጨት ወለሉ ላይ አስቀምጡ፤ እርሳሱን እላዩ ላይ አጋድማችሁ እንጨቱን እያንሸራተታችሁ እያንዳንዱን እግር ዙሪያውን፣ በአራቱም ጎን አስምሩ። ከዚያ መስመሩን ተከትሎ መጋዝ ብቻ ነው። ወለሉ ጠማማ ቢሆን እንኳ መስመሩ ያንኑ ወለል ስለሚከተል ጠረጴዛው እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ ይላል።

ቁራጮቹን ለማገዶ አትስጡ። የየትኛው እግር እንደሆኑ ጻፉባቸውና አስቀምጡ፤ ልጁ ሲረዝም ከነሱ ላይ የሚበቃውን ያህል ቆርጣችሁ፣ መሃሉን በስታችሁ፣ በእንጨት ካስማና በኮላ ትመልሱታላችሁ።

የቆየ ቀለም ካለው በደረቁ አትፈግፍጉት። የድሮ የዘይት ቀለም ሊድ የሚባል ብረት ሊኖረው ይችላል፣ ብናኙ ለልጅ አእምሮ መርዝ ነው። ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት እያራሳችሁ እሹት፣ ልጆች ራቅ ይበሉ፣ የወጣውን ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን ጣሉት። ማዕዘኑ ላይ የቡና ሲኒ ደፍታችሁ አስምሩና በዚያ ልክ አክብቡት፤ ያ ሹል ጫፍ ልክ የትንሽ ልጅ ግንባር ቁመት ላይ ነው የሚመጣው።

ቫርኒሹን በበጋ ቀቡት፣ ስስ አድርጋችሁ፣ ሁለት ጊዜ። በክረምት ከቀባችሁት ደብተሩ ይጣበቅበታል፤ ከእኛ ሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ እስካሁን እዚያው አለ።

በመጨረሻ መስኮት አጠገብ አድርጉት። በቀኙ ለሚጽፍ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፣ ለግራኝ ከቀኝ።