ወደ ጫካ ውስጥ ፏፏቴ ቀላል የእግር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ፏፏቴ ለማየት ስንነሳ አብዛኞቻችን የምናቅደው መሄዱን ነው። መመለሱን "እንደመጣን እንመለሳለን" ብለን እንተወዋለን። ግን ፏፏቴ ብዙውን ጊዜ ያለው ገደል ሥር ነው። ጠዋት ጉልበት ሳለ ቁልቁል ይወረዳል። ዳገቱ የሚጠብቀን ምሳ ከተበላ፣ እግር ከዛለ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከመመለሻው ቢጀመር ይሻላል።

ለምሳሌ የመናገሻ ሱባን ደን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሰበታም በሆለታም በኩል ይገባል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው እስከ ወጨጫ ተራራ ወገብ ይከተላችኋል፤ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ ይተካሉ። ከእግር መንገዶቹ አንዱ ወደ ትንሽ ፏፏቴ ይወስዳል። ጢስ ዓባይን የሚያህል ነገር የሚጠብቅ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። እዚህ ዋናው ደኑ ነው፤ ፏፏቴው ምርቃት ነው።

መጀመሪያ ስልክ ደውሉ

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መንገዱና አካባቢው ሰላም ነው? ደኑ ለጎብኚ ክፍት ነው? መኪና እስከ በሩ ይገባል? የመጨረሻው ክፍል ፒስታ ስለሆነ ዝናብ ከጣለ ዝቅ ያለ መኪና ይቸገራል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ "እስቲ እንጃ" ከሆነ ሌላ ቦታ ምረጡ ወይም ቀኑን አሸጋግሩት። ከዓመት በፊት የሄደ ጓደኛ የሚሰጠው መረጃ ለዚህ አይበቃም። በዚያው ሳምንት እዚያ ያለ ሰው ይጠየቅ።

ወሩን ምረጡ

ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ሙሉ ነው፤ መንገዱ ግን ጭቃ፣ ድንጋዩ ሙልጭልጭ ነው። የካቲትና መጋቢት መንገዱ ደረቅ ነው፤ ውሃው ግን ሊሳሳ ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለውን አልለውጥም። ውሃው ገና አልጎደለም፣ ሰማዩ ተከፍቷል፣ መጀመሪያው ላይ አደይ አበባም በመንገድ ዳር ይኖራል።

ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ

ፀሐይ ከ12 ሰዓት በኋላ ብዙም አትቆይም፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ "9 ሰዓት ላይ መኪናችን ጋ መድረስ አለብን" በሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ።

ለተደባለቀ ቡድን፣ ማለትም ልጅም ትልቅ ሰውም ላለበት፣ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ያዙ። ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት 10 ደቂቃ ጨምሩ። እንበል ፏፏቴው 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መንገዱም 300 ሜትር ይወርዳል። መሄጃው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። መመለሻው ዳገት ስላለበት 1 ሰዓት ከ50። ለምሳና ለፎቶ 1 ሰዓት ስጡ። ድምሩ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ቢበዛ ጠዋት 4:50 ላይ መራመድ መጀመር አለባችሁ። 3:30 ላይ ብትጀምሩ ደግሞ ለመጥፋትም፣ ለመድከምም፣ ጉሬዛ ቆሞ ለማየትም ጊዜ ይተርፋችኋል። ለዚህ ከአዲስ አበባ 1 ሰዓት ላይ መውጣት ነው። 1 ሰዓት ስል 1 ሰዓት ነው፤ "እየመጣሁ ነው" የሚባልበት ሰዓት አይደለም።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትልቁ ነገር የመመለሻ ሰዓት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 7 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ትመለሳላችሁ፤ ፏፏቴው ድምፁ እየተሰማም ቢሆን። ይህን ለሁሉም ሰው ጠዋት ንገሩ። እዚያ ደርሶ መከራከር ጊዜ ይበላል።

መሪ ያዙ

ጫካ ውስጥ የከብት መንገድና የሰው መንገድ ይመሳሰላል፤ ኔትወርክም ሊጠፋ ይችላል። የአካባቢው ልጅ ወንዙን የት መሻገር እንደሚሻል ያውቃል። ሒሳቡን ሳትነሱ ተስማሙ፣ የመግቢያ ክፍያ ካለም ደረሰኝ ተቀበሉ። በጉዞው ላይ በጣም ቀርፋፋው ሰው ከመሪው ኋላ፣ ከፊት ይሁን። ጎበዙ ከኋላ ይምጣ። ቡድን የሚበታተነው ጎበዞቹ ቀድመው ሲከንፉ ነው።

ከቆላ ከተማ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ካለ ፍጥነቱን ቀንሱለት። ደኑ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ የወጨጫ ጫፍ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ትንፋሽ ማጠር ይጠበቃል።

ቦርሳው

ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ። የወንዝ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም አትጠጡ፤ አልቅት አለ፣ ከላይ ከብት ይጠጣበታል። ምግቡ ቀላል ነው፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ሙዝ። ወጥ የሚጭን ሰው አይጠፋም፤ ይጫን፣ ግን ዳገቱን ራሱ ይሸከመው። ሶሉ ያላለቀ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ባትሪ፣ ፋሻና ፕላስተር ጨምሩ። ሱሪው ረጅም ይሁን፤ ሳማ ቁምጣ ለባሽን አይምርም። ደረቅ ካልሲ መኪና ውስጥ ተዉ።

ፏፏቴው ጋ ስትደርሱ

እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው። ዋናው አደጋ ደራሽ ውሃ ነው። እናንተ ላይ ፀሐይ እያለ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ድምፁ ከጎላ፣ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታ ውጡ። ወንዙን ተሻግራችሁ ምሳ አትብሉ፤ ከሞላ ወዲያ ማዶ ትቀራላችሁ።

ከፏፏቴው አናት ላይ ሆኖ ሰልፊ መነሳት ይቅር። እርጥቡ ድንጋይ እንደ ሳሙና ነው። ሥሩ ያለው ኩሬም ጥልቀቱ አይታይም፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ዘላችሁ አትግቡ።

አንዳንድ ቦታ ፏፏቴው ጠበል ነው። የሚጠመቅ ሰው ካያችሁ ፎቶ አታንሱ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ቄስ ወይም አስጠማቂ ካለ ፈቃድ ጠይቁ። ሙዚቃ መክፈት የማይታሰብ ነው።

ለዝንጀሮ ምግብ አትስጡ። ዛሬ ሙዝ የተሰጠው ነገ የሌላ ሰው ቦርሳ ይቀማል። የሙዝ ልጣጭም ቢሆን ይዛችሁ ተመለሱ።

ዳገቱ

ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ትንሽ ትንሽ ውሃ እየጠጣችሁ፣ በየ20 ደቂቃው ቆም በሉ እንጂ አትቀመጡ፤ ከተቀመጡ መነሳቱ ይከብዳል። መኪናው ጋ ስትደርሱ ካልሲ ቀይሩና ቶሎ ተነሱ። እሑድ ከሆነ ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና ያለው መንገድ ይጨናነቃል፤ የተረፈው ቆሎ ለዚያ ይሆናል።