ደም ግፊት ያለበትን ታካሚ ስታደነዝዙ

ደሴም ብትሠሩ ወልዲያ፣ ሥራው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ከወረኢሉ በሌሊት ተሳፍረው የመጡ አባት 190/100 ቢያሳዩ ቶሎ አትደንግጡ፤ አረፍ አድርጓቸውና ድጋሚ ለኩ፣ የድሮ ካርዳቸውንም እዩ። የቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ከሆነና ግፊቱ ደጋግሞ ከ180/110 በላይ ካሳየ ማዘግየቱ ይሻላል።

የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒት በስም ጠይቁ። «ምንም እንዳይቀምሱ» ስንላቸው ክኒኑንም የሚተው ሞልቷል። አምሎዲፒንና አቴኖሎል ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውኃ ይዋጣሉ፤ በተለይ አቴኖሎል በድንገት ሲቋረጥ ልብን ያስቸግራል። ኢናላፕሪል ግን ብዙ ጊዜ ከ24 ሰዓት በፊት ይቆማል፣ ከማደንዘዣው ጋር ሲገናኝ ግፊቱን ክፉኛ ይጥለዋልና። ጫትም ጠይቁ። ወሎ ተቀምጦ ይህን መዝለል የዋህነት ነው፤ ግፊቱንም የልብ ምቱንም ከፍ ያደርጋል።

የሚያስተኛውን መድኃኒት፣ ፕሮፖፎሉን፣ ቀስ እያላችሁ ስጡ። የእነዚህ ሰዎች ግፊት ወዲያው ይወርድና የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ ሽቅብ ይተኮሳል። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻው ፌንታኒል ከቱቦው 3 ደቂቃ ያህል ይቅደም፣ ጉሮሮ የምታዩበት ላሪንጎስኮፕም ከ15 ሰከንድ በላይ አፍ ውስጥ ባይቆይ ጥሩ ነው። ግባችሁ 120/80 አይደለም! ከራሳቸው የተለመደ ግፊት 20 በመቶ ገደማ ውስጥ አቆዩት፣ አማካይ ግፊቱም (MAP) ከ65 አይውረድ። ከወረደ ማደንዘዣውን ቀንሱ፣ ደም መፍሰሱንና ፈሳሹን እዩ፣ ግፊት የሚያነሳውን ኤፌድሪን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ስጡ።

ሲነቁ ግፊቱ ከጨመረ መጀመሪያ ሕመማቸውንና የሞላ ፊኛ እንዳለ እዩ። ግፊት የሚያወርደውን ሃይድራላዚን ከሰጣችሁም ታገሡ፤ እስኪሠራ እስከ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ቸኩሎ የደገመ በኋላ የወደቀ ግፊት ያሳድዳል።